«በረኛ የራሱ ዋንጫ አለው»

ጁን 2025 ላይ ነው። የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። ካናዳ፣ ዊኒፔግ ውስጥ የምሠራበት መጋዘን የእረፍት ክፍል ጠባብ ናት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ማይክሮዌቭ፣ በቃ። ስልኬን ስከፍት ዜናውን አየሁት። ኮነር ሄለበክ የሃርት ዋንጫን ወስዷል። የእኛ በረኛ፣ የዊኒፔግ ጄትሱ፣ የኤንኤችኤል፣ የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ባልደረባዬ ናቸው። ማኒቶባ ገጠር ተወልደው ያደጉ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው። ሆኪን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከአገሬ ስመጣ በረዶ ላይ ሰው መቆም መቻሉ ራሱ ይገርመኝ ነበር። ስልኩን ገልብጬ አሳየኋቸው። በደስታ የሚዘሉ መስሎኝ ነበር። ፈገግ አሉ። ከዚያ ሳንድዊቻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጁ ጎበዝ ነው። ይገባዋል። ግን በረኞች የራሳቸው ዋንጫ አላቸው እኮ።»

ዝም አልኩ። ይህን ቃል ቀድሞም ሰምቼዋለሁ። በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ።

ልጅ ሆኜ በረኛ ነበርኩ። ጃን ሜዳ። በሰፈር ጨዋታ በረኛ መሆንን ማንም አይመርጥም። ኳስ የማይችለው፣ ወይም ትንሹ፣ ወይም ዘግይቶ የመጣው ነው ሁለት ድንጋይ መሀል የሚቆመው። እኔ ግን ወድጄ ቆምኩ። አንድ ክረምት የሰፈሮች ውድድር ተደረገ። አምስት ጨዋታ ተጫወትን፣ የገባብኝ አንድ ጎል ብቻ ነው። ፍጻሜውን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፍን፤ ሁለት አዳንኩ። ሽልማት ሲሰጥ ኮከብ ተጫዋች የተባለው አጥቂያችን ነው። አዲስ ታኬታ ጫማ ወሰደ። እኔ ኮከብ በረኛ ተባልኩና ጓንት ተሰጠኝ። ጓንቱን ወደድኩት፤ አልዋሽም። ግን ከመድረኩ ስወርድ የቡድናችንን አሰልጣኝ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ኮከብ ተጫዋች በረኛ መሆን አይችልም እንዴ?» ራሴን ዳበስ አድርገው «አንተማ የራስህን አግኝተሃል» አሉኝ።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ ያውም ሌላ አህጉር ላይ፣ ያው መልስ። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ዋንጫው ምን እንደሚል እንመልከት። ሃርት የተባለው በዶክተር ዴቪድ ሃርት ስም ነው። ልጃቸው ሴሲል ሃርት የሞንትሪያል ካናዲየንስ አሰልጣኝ ነበር። ዋንጫው መሰጠት የጀመረው በ1924 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሚሰጠውም «ለቡድኑ ከሁሉ በላይ ለሚጠቅም ተጫዋች» ነው። «ለምርጥ አጥቂ» አይልም። «ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ» (የተጫዋች ነጥብ ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ ነው) አይልም። ለቡድኑ ከሁሉ በላይ የሚጠቅም ነው የሚለው። መራጮቹ ደግሞ የሆኪ ጋዜጠኞች ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት ስም በቅደም ተከተል ይጽፋሉ።

እስከ 2025 ድረስ ዋንጫው 101 ጊዜ ተሰጥቷል። በ2005 ብቻ ውድድሩ በሥራ ክርክር ስለተሰረዘ አልተሰጠም። ከ101 ውስጥ በረኞች የወሰዱት 9 ነው። ሰዎቹ ደግሞ 8 ናቸው፤ ዶሚኒክ ሃሼክ ሁለት ጊዜ ስለወሰደው።

አሁን ሆኪ አይተው ለማያውቁ ትንሽ ላብራራ። በረዶው ላይ ከእያንዳንዱ ቡድን አምስት ተንሸራታችና አንድ በረኛ ይኖራል። ተንሸራታቾቹ በየደቂቃው፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይቀያየራሉ። በጣም የተከበረው አጥቂ እንኳ ከ60 ደቂቃ ውስጥ የሚጫወተው 20 ገደማ ነው። በረኛው 60ውንም እዚያው ነው። መረቡ ስፋቱ 1.83 ሜትር፣ ቁመቱ 1.22 ሜትር ነው። ፓክ የሚባለው ጠፍጣፋ ጎማ 170 ግራም ገደማ ይመዝናል። ብዙ እንዳይነጥር ከጨዋታ በፊት ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ጠንካራ ምት በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። ጎል ሲገባ ከበረኛው ጀርባ ቀይ መብራት ይበራል። በአንድ ምሽት 30 ገደማ ሙከራ ይመጣበታል። 27 ካዳነ መካከለኛ ነው። 28 ካዳነ ጎበዝ ነው። እንጀራው የተንጠለጠለው በዚያች አንዷ ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። በ2024-25 አንድ አማካይ የሊጉ በረኛ ከመጡበት ሙከራዎች 90 በመቶ ያህሉን ያድን ነበር። ሄለበክ 92.5 በመቶ አዳነ። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በ1,600 ሙከራ ላይ 40 ጎል ማለት ነው። አንድ አጥቂ በዓመት 40 ጎል ሲያገባ ከተማው ያብዳል። በዚያው ዓመት በሃርቱ ምርጫ ሁለተኛ የወጣው የኤድመንተኑ ሊዮን ድራይሳይትል 52 ጎል አግብቶ ሊጉን መርቷል። ድንቅ ነው። ግን ድራይሳይትልን ብታነሱት በቦታው የሚገባው ልጅም 15 ወይም 20 ጎል አያጣም። 52ቱ ሁሉ አይጠፉም። የሄለበክ 40 ግን ቀድሞውኑ ከአማካይ በረኛ በላይ የተቆጠረ ነው።

ይህን ሂሳብ ለአዛውንቱ ባልደረባዬ በናፕኪን ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ተከላካዮቹስ?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በረኛን ከፊቱ ካለው ቡድን መለየት ከባድ ነው። ጥሩ ተከላካይ ያለው በረኛ የሚመጡበት ምቶች ከሩቅና ከጎን ናቸው። ጄትስ ደግሞ በዚያ ዓመት ጥሩ ቡድን ነበር፤ 116 ነጥብ ይዞ ሊጉን በአንደኝነት ጨርሷል። ይህንን አልክድም። ግን ጥያቄው ለአጥቂም ይነሳ። ጎበዝ አቀባይ ያለው አጥቂ ጎሉ ይበዛለታል። ያኔ «አቀባዩስ?» ብሎ ዋንጫ የሚከለክል አላየሁም።

«የራሳቸው ዋንጫ አላቸው» የሚለውን ልመልስ። የሚሉት ለበረኛ ብቻ የሚሰጠውን የቬዚና ዋንጫ ነው። ጆርጅ ቬዚና የሞንትሪያል በረኛ ነበር። በኖቬምበር 1925 ትኩሳት ይዞት ከጨዋታ መሀል ወጣ። ሳንባ ነቀርሳ ነበር። በማርች 1926 አረፈ። ዋንጫው የቆመው ለመታሰቢያው ነው። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ነገር ግን ዋንጫው እስከ 1981 ድረስ ይሰጥ የነበረው ጥቂት ጎል ለገባበት ቡድን በረኛ ነው። የቡድን ልኬት ነበር ማለት ነው። በድምፅ መመረጥ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚመርጡትም ጋዜጠኞች ሳይሆኑ የቡድኖቹ ሥራ አስኪያጆች ናቸው።

እሺ፣ በረኛ ቬዚና አለው። አጥቂስ ምን አለው? ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ አርት ሮስ አለ። ብዙ ጎል ላገባ ሮኬት ሪሻር አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ ለሚከላከል አጥቂ ሴልኪ አለ። ሦስት ናቸው። በ2023 ኮነር ማክዴቪድ 64 ጎልና 153 ነጥብ ይዞ አርት ሮስንም ሮኬት ሪሻርንም ወሰደ። ከዚያ ሃርትንም ወሰደ። ይገባው ነበር፣ በደንብ። ግን «አንተማ የራስህን አግኝተሃል» ያለው አንድም ሰው የለም።

እግር ኳስ ላይም ያው ነው። ባሎን ዶርን የወሰደ በረኛ ሌቭ ያሺን ብቻ ነው፣ በ1963። ያሺን ደግሞ በወጣትነቱ ለዲናሞ ሞስኮ የሆኪም በረኛ ነበር፤ በ1953 የሶቪየትን የሆኪ ዋንጫ በልቷል። ከ2019 ጀምሮ በስሙ የበረኞች ዋንጫ ይሰጣል። ክብር ነው። ግን ያን ዜና ስሰማ ትዝ ያለኝ ጓንቴ ነው።

የድሮዎቹን መራጮች ግን ላመሰግን። ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የሚነካው የ1954ቱ ነው። ቺካጎ በዚያ ዓመት 70 ጨዋታ ተጫውቶ 12 አሸነፈ፣ 51 ተሸነፈ፣ 7 አቻ ወጣ። የሊጉ ጭራ ነበር። በረኛው አል ሮሊንስ ይባላል። ሃርቱን ለእሱ ሰጡት! የመጨረሻው ቡድን በረኛ! ያን ጊዜ ጎርዲ ሃው ዲትሮይት ውስጥ ሊጉን በነጥብ እየመራ ነበር። ለሃው ቢሰጡት ማንም አይከራከርም። መራጮቹ ግን የዋንጫውን ቃል አንብበው ራሳቸውን የጠየቁ ይመስለኛል። ይህን ቡድን ከዚህ ሰው ነጥለን ብናየው ምን ይቀራል? ሮሊንስ በየምሽቱ ሊሸነፍ እንደሚችል እያወቀ ነው የሚወጣው። ያውም ያለ ጭምብል። በዚያ ዘመን በረኛ ፊቱን አይሸፍንም። ዣክ ፕላንት በኖቬምበር 1959 ኒውዮርክ ላይ ፊቱ ተመትቶ፣ ተሰፍቶ፣ ያለ ጭምብል አልመለስም ብሎ እስኪገባ ድረስ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጭምብል ተለመደ።

ፕላንት ራሱ በ1962 ሃርትን ወሰደ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። 35 ዓመት! ከ1962 እስከ 1997 አንድም በረኛ የለም። እውነት ነው፣ በመሀሉ ቦቢ ኦር ነበር፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ወሰደ። ዌይን ግሬትስኪ ብቻውን 9 ወሰደ፣ ማሪዮ ለሚዩ 3። ግሬትስኪን አሸንፎ ሃርት መውሰድ ለማንም ከባድ ነው፣ ለበረኛ ብቻ አይደለም። ያን ዘመን በበደል አልቆጥረውም። የ1974ቱ ግን ይቆጨኛል። የፊላደልፊያው በርኒ ፓራን ከ78 ጨዋታ 73ቱን ተጫወተ። 47 አሸነፈ። በ12 ጨዋታ ምንም ጎል አልገባበትም። በአማካይ በጨዋታ 1.89 ጎል ብቻ። ሃርቱ ለቦስተኑ ፊል ኤስፖዚቶ ተሰጠ። ከዚያ ፊላደልፊያ ቦስተንን በፍጻሜው አሸንፎ የሊጉን የሻምፒዮና ዋንጫ፣ ስታንሊን፣ ወሰደ። የጥሎ ማለፉ ኮከብም ፓራን ሆነ። በቀጣዩ ዓመትም እንደዚያው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጥሎ ማለፍ ኮከብ የሚሸለመው ዋንጫ ኮን ስማይዝ ይባላል። መሰጠት የጀመረው በ1965 ነው። ያንን እስከ 2025 ድረስ በረኞች 17 ጊዜ ወስደዋል። ከሃርት በ41 ዓመት ያነሰ ዋንጫ ነው፣ ግን የበረኞቹ ቁጥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፓትሪክ ሯ ብቻውን ሦስት አለው፣ ሃርት ግን አንድም የለውም። ቡድናቸው በፍጻሜው ተሸንፎ ሳለ ኮን ስማይዝን የወሰዱ ስድስት ሰዎች አሉ። አራቱ በረኞች ናቸው።

ለምን? ቡድኑ ያው፣ ጨዋታው ያው፣ መራጮቹም ከዚያው ሙያ የመጡ ጋዜጠኞች ናቸው። የኔ ግምት ይህ ነው። በጥሎ ማለፍ ሁሉም ሰው ያንኑ ጨዋታ ያያል። በረኛው ሲያድን ታያለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ ታስታውሳለህ። በመደበኛው ውድድር ግን 82 ጨዋታ አለ። የቫንኩቨሩ ጋዜጠኛ ማክሰኞ ማታ ዊኒፔግ ውስጥ የዳነችውን ፓክ አያይም። በማግስቱ የሚያየው የጎል ዝርዝር ነው። ጎል ይመዘገባል፣ ይቆጠራል፣ በቪዲዮ ይደጋገማል። የዳነ ኳስ ግን ያልሆነ ነገር ነው። ቤትህ ሳይዘረፍ ባደረ ቁጥር ዘበኛህን ታመሰግናለህ? አታመሰግንም። የተዘረፍክ ቀን ግን ስሙን ትጠራለህ።

ሃሼክ ያንን ግድግዳ እንዴት እንዳፈረሰው ሳስብ ይገርመኛል። ከፓርዱቢትሴ የመጣ ቼክ ነው። በ1983 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ሲመርጡ 199ኛ ነው የተጠራው፣ ማለትም ማንም ብዙ አልጠበቀበትም። አጨዋወቱ እንደ ማንም አይደለም። ይተኛል፣ ይንከባለላል፣ ዱላውን ጥሎ ፓኩን በባዶ እጁ ይይዛል። በ1996-97 የእሱ ቡድን ቡፋሎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። የቡድኑ ከፍተኛ ነጥብ ሰብሳቢ ስንት ነጥብ ነበረው? 53። በዚያ ዓመት ለሚዩ ብቻውን 122 ነበረው። ማነው ታዲያ ያን ቡድን የተሸከመው? ይህን ማየት ያልቻለ ሰው አልነበረም። በ1998 ደግሞ መጀመሪያ ናጋኖ ኦሎምፒክ ላይ ካናዳን በግማሽ ፍጻሜው መለያ ምት አምስቱንም አዳነባት፣ ከዚያ ወርቅ ወሰደ። ባልደረባዬ ያንን ሌሊት ዛሬም ሲያነሱት ፊታቸው ይከፋል። «እሱ በረኛ አልነበረም፣ ሌላ ነገር ነበር» ይላሉ። ችግሩም እዚህ ነው። በረኛ ሃርት እንዲወስድ ሌላ ነገር መሆን አለበት። አጥቂ ግን በጣም ጎበዝ አጥቂ መሆን ይበቃዋል።

ኬሪ ፕራይስ በ2015 ሲወስደውም እንደዚያው ነበር። 44 ድል፣ 93.3 በመቶ ማዳን። ያደገው አናሂም ሌክ በምትባል ሩቅ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ መንደር ነው። የሆኪ ልምምዱ ዊሊያምስ ሌክ ነበር፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። አባቱ ትንሽ አውሮፕላን ገዝቶ ያመላልሰው ነበር። እናቱ የአገሬው ተወላጆች፣ የኡልካቾ ሕዝብ፣ መሪ ነበሩ። ዋንጫዎቹን በተቀበለበት ምሽት በእናቱ ሕዝብ ቋንቋ ተናገረ። ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ልጆቹን በአማርኛ ለማናገር የሚታገል አባት ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

የሚከራከሩኝ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነገር አላቸው። «የአንተን ሂሳብ ከተከተልን በየዓመቱ በረኛ ሊወስደው ነው፣ ሃርት ሁለተኛ ቬዚና ይሆናል» ይላሉ። እኔ ያን አልፈልግም። የበረኛ ብቃት ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፤ ዘንድሮ አንደኛ የነበረው ከርሞ ተራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዓመት በበረኞቹ መሀል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለአጥቂ ይሰጥ። የምለው አንዱ በረኛ ከሌሎቹ ርቆ በሄደበት ዓመት ስሙ ከላይ ይጻፍ ነው። በ2022 የኒውዮርኩ ኢጎር ሸስተርኪን 93.5 በመቶ አዳነ። ኦስተን ማቲውስ 60 ጎል አገባና ሃርቱን ወሰደ። 60 ጎል ዓይን ይሞላል፣ ይገባኛል። እኔ ግን ሸስተርኪን እል ነበር።

ሄለበክ ከሽልማቱ በፊት በነበረው ጥሎ ማለፍ በመጀመሪያው ዙር ተቸግሮ ነበር። ሴንት ሉዊስ ላይ ሦስት ጊዜ ከጨዋታ መሀል ተቀየረ። ያን ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ ያልተሳደበ አልነበረም። አንዳንዶች «ይሄ ነው ሃርት?» አሉ። ግን ድምፅ የሚሰጠው ጥሎ ማለፉ ሳይጀመር ነው። የሚመዘነውም መደበኛው ውድድር ነው። ከቡድኑ 56 ድሎች 47ቱ በእሱ ነው የመጡት። ያ አይሰረዝም።

ባለፈው ሌሊት ከባልደረባዬ ጋር ክርክሩን እንደገና አነሳነው። እሳቸው የ2002ቱን አመጡብኝ። የሞንትሪያሉ በረኛ ጆዜ ቴዎዶርና የካልጋሪው አጥቂ ጃሮም ኢጊንላ በሃርቱ ምርጫ በድምፅ ነጥብ እኩል ወጡ። ቴዎዶር አንደኛ ያሉት መራጮች ስለበዙ ዋንጫው ለእሱ ሆነ። «ያንንስ ትደግፋለህ?» አሉኝ።

ረጅም ጊዜ አሰብኩ። ቴዎዶር ሞንትሪያልን ወደ ጥሎ ማለፍ ያስገባው አምበሉ ሳኩ ኮይቩ በካንሰር ሕክምና ላይ በነበረበት ዓመት ነው። ኢጊንላ ደግሞ አባቱ ናይጄሪያዊ ነው። 52 ጎልና 96 ነጥብ ይዞ ሁለቱንም ዝርዝር መራ፣ ግን ቡድኑ ጥሎ ማለፍ አልገባም። እንደ በረኛ ልቤ ወደ ቴዎዶር ይሄዳል። ያ የ1954ቱ የሮሊንስ ነገር ግን ያዘኝ። የተሸነፈ ቡድን ተሸክሞ የሄደን ሰው ለሮሊንስ ስፈቅድ ለኢጊንላ እንዴት እከለክላለሁ?

«ኢጊንላ» አልኳቸው። «ቴዎዶርን ሁለተኛ እጽፋለሁ።»

ሰዓቱን አዩ። እረፍታችን አልቆ ነበር። ጓንታችንን አድርገን ተነሳን።